ከበር እስከ በር በአንድ ቀን

ሞንትሪያል ውስጥ ሰው ቤት የሚቀይረው ጁላይ አንድ ቀን ነው። ለምን ተብሎ አይጠየቅም። የኪራይ ውሉ ሁሉ በዋዜማው ያበቃና፣ ሲነጋ የከተማው እኩሌታ ፍሪጁን ተሸክሞ ደረጃ ይወርዳል፣ ሌላው እኩሌታ ፍሪጁን ተሸክሞ በዚያው ደረጃ ይወጣል። ደረጃው ደግሞ ከቤት ውጭ የተንጠለጠለ፣ የሚጠማዘዝ ብረት ነው። መሐል ላይ የተገናኙ ሰዎች መጀመሪያ ይሰዳደባሉ፣ ከዚያ ይተጋገዛሉ፣ መጨረሻ ላይ ቢራና ፒዛ ይገባበዛሉ። በማግስቱ መንገድ ዳር ባለቤት ያጣው ሶፋ ብዛት ጉድ ያሰኛል። በሌላ ቀን ቤት የሚለቅ ሰው ካለ ወይ ትዳሩ ፈርሷል ወይ ቤቱ ተቃጥሏል።

ጊስሌን ሃምሳ አንድ ዓመቷ ነው። ቪልሬ በሚባለው ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከባሏ ከኖርማን ጋር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖራለች። ሥራዋ የትምህርት ቤት አውቶቡሶች ስምሪት ነው፤ የትኛው አውቶቡስ የትኛውን ልጅ ከየትኛው ማዕዘን በስንት ሰዓት እንደሚያነሳ የምትወስነው እሷ ናት። በረዶ ይጣል፣ ሾፌር ይታመም፣ መንገድ ይቆፈር፣ ልጆቹ ይደርሳሉ። ስለዚህ በጃንዋሪ ኖርማን መሥሪያ ቤቱ ወደ ኦታዋ እንዳዛወረው ሲነግራት አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችምም። ተነስታ እስክሪብቶ ፈለገች።

ሜይ ሲገባ የማዕድ ቤቷ ግድግዳ በወረቀት ተሸፍኖ ነበር። ካርቶኖቹ ሁሉ ቁጥር አላቸው። ቁጥር አንድ መጨረሻ ተጭኖ መጀመሪያ የሚከፈተው ነው፤ ማንቆርቆሪያ፣ ሳሙናና የሽንት ቤት ወረቀት ይዟል። ፌርናን የሚባለው ባለ ጭነት መኪና ገና በበረዶው ጊዜ ተይዟል፤ እስከ ፋሲካ የተኛ ሰው ለጁላይ አንድ የጭነት መኪና ቀርቶ የእጅ ጋሪ አያገኝም። ኦታዋ መሐል ከተማ፣ ሰባተኛ ፎቅ ላይ፣ ሦስት መኝታ ቤት ያለው አፓርታማ ተገኝቷል። ኖርማን አንድ ቀን ጠዋት ግድግዳው ፊት ቆሞ ካነበበ ካነበበ በኋላ፣

"እኔ ስንተኛው ካርቶን ውስጥ ነኝ?" አላት።

"አንተ ተሸካሚ ነህ። አሥራ አራተኛው ወረቀት ላይ አለህ።"

"ምሳ ተመድቦልኛል?"

"ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ። ሃያ ደቂቃ።"

"እግዜር ይስጥልኝ" አለና ቡናውን ይዞ ከፊቷ ዞር አለ። ኖርማን ጠብ የማይወድ ሰው ነው፤ ሃያ ደቂቃውን በአሥር እንደሚጨርስም ሁለቱም ያውቃሉ።

ይህ ሁሉ ለጊስሌን የለመደችው ሥራ ነው። ያስጨነቃት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እናቷ። ሁጌት ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ከእነሱ በእግር አሥር ደቂቃ የሚርቅ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለ ቤት ውስጥ ብቻዋን ትኖራለች። የዛሬ ስድስት ዓመት የጊስሌን አባት ሉሲየን ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆኖ እጇን ይዞ፣ "እናትሽን ብቻዋን እንዳትተዪያት" ብሏታል። እሺ ብላለች። ሰው በሞት አፋፍ ላይ ሆኖ ሲለምን ሌላ ምን ይባላል? ከዚያ ወዲህ ቃሏን ጠብቃ በሳምንት ሦስት ቀን እናቷ ዘንድ ስትመላለስ ኖራለች። አሁን ኦታዋ ሁለት ሰዓት በመኪና ነው። ወይ እናቷ አብራ ትሄዳለች፣ ወይ ጊስሌን ቃሏን ትበላለች። መካከለኛ መንገድ አልታያትም።

ፌብሩዋሪ ላይ ሄዳ ጠየቀቻት። ሁጌት መልስ ከመስጠቷ በፊት ሾርባዋን ጠጥታ ጨረሰች፣ አፏን ጠረገች፣ ከዚያ በጣቶቿ ትቆጥር ጀመር። የራሷ ክፍል ይኑራት። ክፍሉ ሰው ሲያልፍ የሚታይበት መስኮት ይኑረው። ገበያው በእግር የሚደረስ ይሁን። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣

"ከበሬ ወጥቼ በሬ ልግባ። በአንድ ቀን። መሐል ላይ የማንም አልጋ ላይ አላድርም። ልጅ ሆኜ ቤት ስንቀይር አዲሱ ቤት ሳይደርስ ቀርቶ የቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ውስጥ ዘጠኝ ቀን ተኝተናል። በቃኝ። አንዲት ሌሊት ካጋጠመችኝ እመለሳለሁ፤ እንዳትለምኚኝ።"

"በአንድ ቀን" ብላ ጊስሌን ቃል ገባች። የቤት መልቀቂያውን ደብዳቤ ራሷ ጽፋ፣ ለአከራዩ እንድትሰጠው እናቷ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችላት። ሁጌትም በሳምንቱ ሰጥቼዋለሁ አለች። ታዲያ ያን ቀን፣ እናቷ እሺ ካለቻት በኋላ ደረጃውን ስትወርድ፣ ጊስሌን ሆዷ ውስጥ የሆነ ነገር ቋጠር አለባት። በሾርባው አሳበበች። ቋጠሮው ግን በማግስቱም ነበረ፣ በማርችም ነበረ፣ በኤፕሪልም ነበረ። ያን ያህል ጊዜ ሆድ ውስጥ የሚቆይ ሾርባ የለም፤ እሷ ግን ስለዚህ ነገር ለማሰብ ግድግዳው ላይ ሰዓት አልመደበችም።

ሜይ በገባ በሦስተኛው ሳምንት ወደ ኦታዋ ደወለች። እዚያ ሕንፃ ዕቃ የሚያስገባ ሰው ሊፍቱን አስቀድሞ ማስያዝ አለበት። የሕንፃው ኃላፊ ሚስተር ፕሩየት፣ ፈረንሳይኛው ቀስ ብሎ የሚሄድ ግን የማይደናቀፍ፣ ትሑት ሰው ነው።

"ለጁላይ አንድ ይያዝልኝ፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት" አለችው።

ሰውየው፣ "የዘንድሮው ጁላይ አንድ ነው ማዳም?" አለ።

"የዘንድሮው።"

"የአገሪቱ በዓል ቀን?"

"አዎ፣ ቤት የሚለቀቅበት ቀን።"

"ማን ነው የሚለቀው?"

"ሁሉም ሰው።"

"እዚህ ማንም አይለቅም ማዳም" አለ ሚስተር ፕሩየት፣ የታመመ ሰው እንደሚያባብል። "ያን ቀን ሰው ሁሉ ባንዲራ ይዞ መንገድ ላይ ነው። የኛ መንገድ ከጠዋት ጀምሮ ዝግ ነው። የጭነት መኪና ቀርቶ ብስክሌት አያሳልፉም። ሊፍቱንም በበዓል አናስይዝም። ለጁላይ ሁለት፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ክፍት አለኝ። ልጻፍልዎት?"

ጊስሌን በዓሉን አታውቀውም ማለት አይደለም። የጎረቤቷን ልደት እንደምታውቀው ያህል ታውቀዋለች። ዕድሜ ልኳን ጁላይ አንድን ሶፋ ተሸክማ ወይም ሶፋ የተሸከመ ሰው ረድታ ነው ያሳለፈችው፤ ሌላ ሰው በዚያ ቀን ሌላ ነገር ያደርግ ይሆናል የሚል ሐሳብ በአእምሮዋ አልፎ አያውቅም። ሃያ ሁለት ዓመት አንድ አውቶቡስ ያልጠፋባት ሴት፣ የራሷን ቤት ጠቅላላ ወደተዘጋ መንገድ አሰማርታለች። ስልኩን ዘግታ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ፊቷ እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋለ።

ስምሪት ላይ የቆየ ሰው ግን እያፈረም ይሠራል። በሃያ ደቂቃ ውስጥ ጁላይ ሁለትን አስያዘች። ለፌርናን ደወለች፤ እሱም ዕቃው ጁላይ አንድ ቀን ተጭኖ መኪናው ግቢው ውስጥ ቢያድር ግድ እንደሌለው፣ እንዲያውም በማግስቱ ጠዋት መንገዱ ጭር እንደሚል ነገራት። ቤታቸው ለሚገቡት ጥንዶች ደወለች፤ ሕፃን ልጅ ያላቸው ናቸው። አንድ ቀን ይታገሱ እንደሆነ ስትጠይቃቸው ሚስትየዋ፣ "እኛ ብንታገስ የኛን ቤት የሚገባው ሰው አይታገስም፤ እሱ ቢታገስ የእሱን የሚገባው አይታገስም" አለች። እውነቷን ነው። ያን ቀን ከተማው እርስ በርሱ የተያያዘ ነው፤ አንዱ ከቆመ ሁሉም ደረጃ ላይ ይቀራል።

ለባሏ ነገረችው። ኖርማን መሳቅ አማረው፣ ፊቷን አየና ተወው።

"አንዲት ሌሊት አይደለች? ሆቴል እንይዛለን" አለ።

"እማዬስ?"

"እማዬም ሆቴል ትገባለቻ። ቁርስ ያለበት ሆቴል።"

"አንዲት ሌሊት ካጋጠመችኝ እመለሳለሁ ብላለች። ታውቃታለህ፤ ያለችውን ታደርጋለች። ከዚያ ቤቷን ለቅቃለች፣ ኦታዋ አትሄድ፣ የት ትወድቃለች? አባዬንስ ምን ልለው ነው?"

"አባትሽ እኮ ሞቷል።"

"ለዚህ አይደል እንዴ የማልችለው። በሕይወት ቢኖር ደውዬ አስረዳው ነበር።"

ጊስሌን ያን ቀን ጠዋቱን ሙሉ ስትብሰለሰል ቆይታ አንድ መላ ዘየደች። የእናቷን ቤት የሚገባው ሰው ምናልባት የማይቸኩል ከሆነ፣ በአንድ ቀን ቢዘገይላት፣ ሁጌት ጁላይ አንድን በገዛ አልጋዋ ታድራለች። ጊስሌንና ኖርማን ሶፋዋ ላይ ይተኛሉ። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ የእናቷ ጥቂት ዕቃ ይጫንና ሁሉም አብረው ይሄዳሉ። ከበር እስከ በር፣ በአንድ ቀን። ስሕተቱንም እናቷ ጨርሶ ሳትሰማው ታልፋለች። ይህ የመጨረሻው ነገር ለጊስሌን ቀላል ጥቅም አልነበረም። ሁጌት አንዴ የሰማችውን ስሕተት ለሠላሳ ዓመት ትጠቀምበታለች።

ከሰዓት በኋላ አከራዩ ዘንድ ሄደች። ሙሴ ካርሚኔ፣ አቶ ካርሚኔ እንደማለት ነው፣ ከእናቷ ሥር ምድር ቤቱ ውስጥ የሚኖር፣ በወጣትነቱ ከጣሊያን የመጣ፣ ሰማንያ አንድ ዓመት የሞላው ሽማግሌ ነው። ጓሮው ውስጥ ተንበርክኮ ቲማቲም ሲተክል አገኘችው።

"እንደምን ዋሉ ሙሴ ካርሚኔ?"

"ቆመሽ ከምትጠይቂኝ ያንን ባልዲ አቀብዪኝ።"

አቀበለችው። ውሃውን እስኪያጠጣ ጠበቀች። "አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነበር። የእናቴን ቤት የሚገባው ሰው ጁላይ አንድ ቀን በስንት ሰዓት ነው የሚመጣው?"

"ምን ሰው?"

"አዲሱ ተከራይ።"

ሙሴ ካርሚኔ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና ቀና ብሎ አያት። "ሁጌት ሞተች እንዴ?"

"ኧረ አለች።"

"ጠዋት ሬዲዮዋን ሰምቻለሁ። ካለች ታዲያ፣ እኔ ሁለት ተከራይ አንድ አልጋ ላይ ላስተኛ ነው?"

"እለቃለሁ ብላ ደብዳቤ አልሰጠችዎትም? በፌብሩዋሪ?"

"ደብዳቤ የለም። በማርች መጨረሻ ደብዳቤ ካልመጣ ውሉ በራሱ ይታደሳል፤ ይህንን ሞንትሪያል ውስጥ የማያውቅ ሰው የለም። እስከሚመጣው ዓመት ጁን ድረስ ቤቱ የእሷ ነው። እርግጥ ነው፣ ለፋሲካ ኬክ አምጥታልኛለች።" ጥቂት አሰበ። "ኬኩ ውስጥም ምንም አልነበረም።"

ጊስሌን ሳትሰናበተው ወደ ብረቱ ደረጃ ዞረች። እግሯ ሲወጣ ጭንቅላቷ ከኋላ ቀርቶ ነበር። ረስታው ይሆን? ማስታወሷ ተበላሽቶ ይሆን? ደጃፉ ስትደርስ በጣም ፈርታ ነበር።

ሁጌት በሩን ከፈተች። ፀጉሯን ተሠርታለች፣ ሽርጥ አድርጋለች፣ ከወጥ ቤት የሽንኩርት ሽታ ይመጣል። ኮሪደሩ ላይ ካርቶኖቹ እስከ ጣሪያው ተደርድረዋል፣ በፕላስተር ታሽገዋል፣ እያንዳንዳቸው ላይ በትልልቅ ፊደል ተጽፏል። እናቷ ሥራዋን በወቅቱ ጨርሳ መጠበቋ ጊስሌንን ለሦስት ወር ሲያኮራት ነበር። አሁን ለመተንፈስ ያህል "ሳህን፣ ይሰበራል" የሚለው ላይ እጇን አሳረፈች። ካርቶኑ ከቦታው ሸርተት ብሎ ወደቀ፣ ወለሉ ላይ ሁለቴ ነጠረ። ኮሽታ እንኳ አልተሰማም።

"ባዶ ነው" አለች ጊስሌን።

"ሳህኖቼን ገና እየበላሁባቸው ነው" አለች እናቷ።

ጊስሌን "መጻሕፍት" የሚለውን በአንድ እጇ አነሳችው። "የክረምት ልብስ" የሚለው ትንሽ ከበድ አለ፤ ፕላስተሩን ቀድዳ ስታየው ውስጡ ሌሎች የታጠፉ ካርቶኖች ናቸው።

"ሙሴ ካርሚኔን አነጋግሬው መምጣቴ ነው።"

ሁጌት ሽርጧን ፈታች፣ በቀስታ አጠፈችው። "ቲማቲሙን ተከለ?"

"እማዬ።"

"እሺ። ግቢና ቁጭ በይ።"

ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ማስታወሷ ምንም አልሆነም፤ ይህ ጊስሌንን ደስ ሊላት ሲገባ አናደዳት።

"መቼ ልትነግሪኝ ነበር?"

"ጁላይ አንድ ቀን፣ ስድስት ሰዓት ላይ።"

"ለምን ስድስት ሰዓት?"

"መኪናው በር ላይ ቆሞ፣ አዲሶቹ ሰዎች ደረጃው ሥር ሆነው፣ አንቺ ለመጨቃጨቅ ጊዜ አይኖርሽም። ወረቀቶችሽን አንብቤያቸዋለሁ። ለጭቅጭቅ የተመደበ ሰዓት የለም።"

"ይህን ያህል ጊዜ ስትዋሺኝ!" ጊስሌን ድምፅዋ ከፍ አለ። "አልመጣም ካልሽ አልመጣም አትዪም? ለምን እሺ አልሽኝ?"

"መች እሺ አልኩሽ? በአንድ ቀን አልኩሽ። የሁለት ቤት ዕቃ፣ በጁላይ አንድ፣ ሌላ ከተማ፤ የሚሆን አልመሰለኝም። አንቺ መኪና አገኘሽ። ሰው የሚታይበት መስኮት አልኩሽ፤ የመስኮቱን ፎቶ አመጣሽልኝ። ገበያ በእግር አልኩሽ፤ ካርታ ላይ በቀይ አስምረሽ መጣሽ። ከዚያ በላይ ምን ልጠይቅሽ? ባሕር? ደብዳቤውን ለመስጠት ሦስት ጊዜ ይዤው ወርጃለሁ፤ ሦስቴም ስለ ቲማቲም አውርተን ተመልሻለሁ። ማርች ሲያልቅ እፎይ አልኩ። ለአንቺ መንገሩ ደግሞ በየሳምንቱ እየከበደኝ ሄደ።"

ጊስሌን እናቷ ጥፋቷን ስታምን ከስንት ዓመት በኋላ መስማቷ ነው።

"አንቺስ?" አለች ሁጌት። "ለምን ጠየቅሽኝ?"

"ላባዬ ቃል ገብቻለሁ። ብቻዋን እንዳትተዪያት ብሎኛል፤ እጄን ይዞ።"

"ሉሲየን" አለች ሁጌት፣ ቁጣም ፍቅርም ባለበት ድምፅ። "አባትሽ እኮ እኔን ትቶ ዳቦ ቤት እንኳ የማይሄድ ሰው ነበር። አርባ ስምንት ዓመት። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ስቆይ በር ያንኳኳል፤ ደህና ነሽ ወይ ይላል። ወደድኩት፣ ቀበርኩት፣ አንድ ዓመት አለቀስኩ። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ተነሳሁና ዳቦዬን ቆርጬ ሬዲዮዬን ከፈትኩ፤ ማንም ድምፁን ቀንሺ አላለኝም። ብቻ መሆን ምን እንደሚመስል ያወቅሁት በሰባ ሦስት ዓመቴ ነው። ወደድኩት። ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ ሰው ምን ይለኛል ብዬ።"

ጊስሌን እናቷን እንደ አዲስ ሰው አየቻት። ስድስት ዓመት ሙሉ በሳምንት ሦስት ቀን ብቸኝነቷን ልታስረሳት ስትመጣ፣ ለካ የሴትየዋን ጠዋት እየበጠበጠች ኖሯል።

"አሁን አንድ ነገር እጠይቅሻለሁ" አለች ሁጌት። "እውነቱን ንገሪኝ። ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው፣ ከዚህ ወዲያ አልሰበርም። እዚያ ቤት፣ በየጠዋቱ፣ ቁርስ ጠረጴዛ ላይ ልታገኚኝ ትፈልጊያለሽ?"

ጊስሌን መልሱ አፏ ላይ ነበር፤ "እንዴታ" የሚል። ከመናገሯ በፊት ግን ያንን ቤት አሰበችው። እናቷ ሽንኩርት እንዴት እንደሚከተፍ ስታሳያት ታያት። ኖርማን ሳህን ሲያጥብ ከኋላው ቆማ ስትቃኘው ታያት። ራሷ ደግሞ በየማታው "እማዬ መድኃኒትሽን ዋጥሽ?" እያለች በሩን ስታንኳኳ፣ ልክ እንደ አባቷ ስታንኳኳ ታያት።

"አልፈልግም" አለች።

ቃሉ ከወጣ በኋላ አፏን በእጇ ያዘች። አለቀሰች። በሃዘን አይደለም፤ በፌብሩዋሪ የተያዘ ትንፋሽ ሲለቀቅ እንዲያ ነው የሚወጣው። ሁጌት ደረቷን ይዛ ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ለጠጥ አለች።

"ተመስገን" አለች። "ተናገሪ ብዬ ልመታሽ ትንሽ ነበር የቀረኝ።"

"ክፉ ልጅ ነኝ።"

"ክፉስ አይደለሽም። ግትር ነሽ፤ እሱን ከኔ ነው የወሰድሽው። እኔ አንቺን አሳድጌሻለሁ ጊስሌን። አንቺ መልሰሽ እንድታሳድጊኝ አልፈልግም። ገና ነው።"

"ብትወድቂስ?"

"ብወድቅ ሙሴ ካርሚኔ ከታች አለ። ማንኪያ ከእጄ ሲያመልጥ እንኳ በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያውን ይመታል።" ከዚያ ቀልዱን ትታ የልጇን እጅ ያዘች። "ደግሞ ስሚኝ። አልችልም የምልበት ቀን ይመጣል። ያን ቀን ራሴ ደውዬ ነይ ውሰጂኝ እልሻለሁ። ቃል ነው። ላባትሽ የገባሽውን ቃል እኔ ለአንቺ ገባሁልሽ፤ ከትከሻሽ አውርጂው።"

ጊስሌን አፍንጫዋን ጠረገች። ካወረደችው አይቀር ሁሉንም ልታወርደው ፈለገች። የኦታዋውን ጉድ ነገረቻት፤ ሊፍቱን፣ ባንዲራውን፣ ሚስተር ፕሩየትን፣ ማን ነው የሚለቀው፣ ሁሉም ሰው የተባባሉትን። ሁጌት ሳቀች፤ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፣ ተነስታ የእቃ ማጠቢያውን ጠርዝ ይዛ ሳቀች።

"የስምሪት ኃላፊ" አለች ትንፋሽ ስታገኝ። "እኔ ደግሞ ባዶ ካርቶን ደርድሬ እጨነቃለሁ! ይህንን እስክሞት አልረሳልሽም።"

"አውቃለሁ። ለዚህ ነው ልደብቅሽ የነበረው።"

"በይ ያን ቀን እዚህ ታድራላችሁ። አልጋዬን አልሰጥም። ሶፋው አለ።"

ጊስሌን ቤቷ ስትገባ ኖርማን ፊቷን አይቶ፣ "ምን ሆንሽ?" አላት። የሆነውን ስትነግረው መጀመሪያ ለአማቱ ያዘነ መሰለ። ከዚያ ሄዶ ማዕድ ቤቱ ግድግዳ ላይ "የእማዬ ክፍል" የሚለውን ወረቀት ነቀለና አጣጥፎ ኪሱ ከተተው። ትንሽ ቆይቶ ጊስሌን ሻወር ውስጥ ሲዘፍን ሰማችው። ባሏ ሲዘፍን ከጃንዋሪ ወዲህ ሰምታው አታውቅም፤ ለካ ቋጠሮው የሁለት ሰው ኖሯል።

ጁላይ አንድ እንደማንኛውም ጁላይ አንድ አለፈ። ፍሪጁ ደረጃው ጥምዝ ላይ ተቀርቅሮ ሩብ ሰዓት ቆመ። አዲሶቹ ጥንዶች ሕፃኑን ባዶ ካርቶን ውስጥ አስተኝተው አገዟቸው። ፌርናን የመኪናውን በር ቆልፎ ሄደ። ጊስሌንና ኖርማን የሁጌት ሶፋ ላይ ተጣበው አደሩ።

በማግስቱ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የፌርናን መኪና ከደጅ ቆመ። ሁጌት የሌሊት ልብሷ ላይ ካፖርት ደርባ አብራቸው ወረደች። ኖርማንን ጉንጩን ሳመችው። ጊስሌን ስታቅፋት ሙቀቷ፣ የሳሙናዋ ሽታ፣ የትከሻዋ ማነስ ተሰማት፤ ልትለቃት አልቻለችም። ሁጌት ነች በእጇ ገፋ ያደረገቻት።

"በይ ሂጂ። በሦስት ሰዓት ካርታ የሚጫወቱ ሴቶች ይመጣሉ፤ እናንተ ሶፋውን ጎድጓዳ አድርጋችሁታል፣ ላስተካክለው።"

"ስደርስ እደውላለሁ።"

"ነገ ደውዪ። ዛሬ ሥራ አለብኝ።"

መኪናው ተነሳ። ጊስሌን መስተዋቱ ውስጥ አየቻት። እናቷ እጇን አላውለበለበችም፣ ቆማም አላየቻቸውም። ፊቷን አዙራ፣ አንድ እጇ ብረቱ ላይ፣ ካፖርቷን ሰብስባ፣ ወደ ቤቷ ትወጣ ነበር። ከሜይ ወዲህ ጊስሌን ራሷን እናቷን ትታ የምትሄድ ልጅ አድርጋ ስትከስ ኖራለች። ለካ ትታት አልነበረም የምትሄደው፤ እናቷ ሸኝታት ነው። ሁጌት ልጇን ሸኘች፣ ሽኝቷን ጨረሰች፣ ቤቷ ገባች።

መኪና ውስጥ እንቅልፍ ወስዷት የማያውቃት ጊስሌን፣ ሞንትሪያል ካለችበት ደሴት የሚያስወጣውን ድልድይ ሳይሻገሩ ኖርማን ትከሻ ላይ ተኛች። ኖርማንም እስኪደርሱ አልቀሰቀሳትም።